381 ቀን ያለ አውቶቡስ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ዘር መለያየትና እሱን ስለታገሉ ሰዎች የቀረቡ ናቸው። አብዛኞቹ አሜሪካን፣ አንዱ ደቡብ አፍሪካንና የኛን አገር ይመለከታሉ። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ደሴ የታሪክ መምህር ነኝ። የማስተምርበት ማስታወሻ ሮዛ ፓርክስ «ደክሟት ስለነበር» ከአውቶቡስ ወንበር አልነሳም እንዳለች ይናገራል። ተማሪዎቼ ደግሞ «ሰውዬው ለምን ሌላ ወንበር ላይ አልተቀመጠም?» እያሉ ይጠይቁኛል። የአቀማመጡ ደንብ እንዴት ነበር?

መልስ፦ ተማሪዎችዎ የነገሩን እምብርት ነው የጠየቁት። በአላባማዋ ሞንትጎመሪ አንድ የከተማ አውቶቡስ 36 መቀመጫ ነበረው። የፊተኞቹ 10 ለነጮች ብቻ የተጠበቁ ናቸው። አንድም ነጭ ባይሳፈር፣ ጥቁሩ ከኋላ ተፋፍጎ ቆሞ ቢሄድም፣ እነዚያ ወንበሮች ባዷቸውን ይጓዛሉ። የኋለኞቹ 10 በልማድ የጥቁሮች ነበሩ። መሃል ላይ ያሉት 16 ደግሞ በሹፌሩ ፈቃድ የሚታደሉ ናቸው፤ ነጭ ተሳፋሪ ሲበዛ ወሰኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል። የከተማው ደንብ ሹፌሩን በአውቶቡሱ ውስጥ የፖሊስ ሥልጣን አልብሶት ነበር።

የተማሪዎችዎ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ሌላኛው ደንብ ላይ ነው፦ ነጭና ጥቁር በአንድ ረድፍ መቀመጥ አይችሉም፣ መተላለፊያው ቢለያቸውም እንኳ። ሐሙስ ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ምሽት የነጮቹ ወንበር ሞልቶ አንድ ነጭ ቆሞ ቀረ። ለእሱ አንድ ወንበር ይበቃው ነበር። ሹፌሩ ግን ከነጮቹ ቀጥሎ ባለው ረድፍ የነበሩትን አራት ጥቁሮች በሙሉ ተነሱ አላቸው። ሦስቱ ተነሱ። ፓርክስ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ተቀመጠች፤ በዚህም ታሰረች።

አሳፈሩም ያው ነው። ጥቁር ተሳፋሪ በፊት በር ገብቶ 10 ሳንቲሙን ይከፍላል፣ ይወርዳል፣ ዞሮ በኋላ በር ይገባል። እስኪዞር ሳይጠብቁት የሚነዱ ሹፌሮች ነበሩ። ፓርክስን ያሳሰራት ሹፌር ራሱ በ1943 በዚሁ በኋላ በር ጉዳይ ከአውቶቡሱ አስወርዷት ያውቃል።

«ደክሟት» የሚለውን ቃል ከማስታወሻዎ ቢሰርዙት እንመክራለን። ፓርክስ 42 ዓመቷ ነበር። በአንድ ትልቅ መደብር ልብስ እየሰፋች ብትተዳደርም የጥቁሮች መብት ተሟጋች የሆነው የኤንኤኤሲፒ የከተማው ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆና ለዓመታት ሠርታለች። ከመታሰሯ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ቴነሲ ውስጥ ሃይላንደር በሚባለው ትምህርት ቤት መለያየትን ስለማስቀረት የተሰጠ ሥልጠና ተካፍላለች። ቃሉ ይህን ሁሉ ዓመት ደምስሶ ነገሩን የአንድ ምሽት አጋጣሚ ያስመስለዋል። ተማሪ ደግሞ አጋጣሚን እንዴት ይማራል?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ በታክሲ ተራ ማስከበር ሥራ ላይ ነኝ። አንድ ቀን ታክሲ ሲጠፋ ከተማው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። የሞንትጎመሪ ጥቁሮች የፓርክስን መታሰር ተቃውመው ለ381 ቀን አውቶቡስ ሳይሳፈሩ ሥራ የገቡት እንዴት ነው? ማን አጓጓዛቸው? ነዳጁን ማን ከፈለ?

መልስ፦ አድማውን ከጠራው በራሪ ወረቀት እንነሳ። ጆ አን ሮቢንሰን በአላባማ ስቴት ኮሌጅ የእንግሊዝኛ መምህርት፣ የጥቁር ሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤትም ሊቀ መንበር ነበረች። ለከንቲባው «ካልተሻሻለ አድማ ይመጣል» የሚል ደብዳቤ የጻፈችው ገና በሜይ 21 ቀን 1954 ነው፤ ፓርክስ ከመታሰሯ ዓመት ከመንፈቅ በፊት ማለት ነው። በደብዳቤው ከአውቶቡስ ተሳፋሪው ከአራቱ ሦስቱ እጅ ጥቁር መሆኑንም አስልታ አስገብታለች። ፓርክስ የታሰረች ሌሊት ሮቢንሰን ከአንድ ባልደረባዋና ከሁለት ተማሪዎቿ ጋር ኮሌጁ ገብታ በራሪ ወረቀት በስቴንስል አባዛች። ወረቀት እንዲቆጥቡ መልእክቱን አንድ ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ ጻፉት፤ ከታተመ በኋላ ለሦስት ቆረጡት። ሲነጋ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ቅጂ በትምህርት ቤቱ፣ በጸጉር ቤቱ፣ በሱቁ እየተበተነ ነበር። ጥሪው ለሰኞ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ይህ በጣም የተመረጠ መጠን ነበር፤ አንድ ቀን ማንም ይችላል።

ሰኞ ዲሴምበር 5 አውቶቡሶቹ ጥቁር ሳይዙ ዋሉ። ፓርክስ በዚያው ጠዋት 10 ዶላር ተቀጣች፣ ለፍርድ ቤቱ ወጪ 4 ዶላር ተጨመረባት። ከሰዓት መሪዎቹ ማኅበር አቋቁመው የ26 ዓመቱን ፓስተር ማርቲን ሉተር ኪንግን ሊቀ መንበር አደረጉት። ማታ ሆልት ስትሪት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጡም ደጁም በሕዝብ ሞላ፤ አድማው ይቀጥል ተባለ።

መጀመሪያ የደረሱላቸው የርስዎ ሙያ ሰዎች ናቸው። የጥቁሮቹ ታክሲዎች በአውቶቡስ ዋጋ፣ በሰው 10 ሳንቲም ማመላለስ ጀመሩ። የፖሊስ ኃላፊው ወዲያው አንድ ደንብ ጠቀሰ፦ የታክሲ ዝቅተኛ ታሪፍ 45 ሳንቲም ነው፤ ከዚያ ያነሰ ያስከፈለ ይታሰራል። በዚህ የታክሲው መንገድ ተዘጋ።

ያኔ ኪንግ ሉዊዚያና ባተን ሩዥ ላለ ፓስተር ስልክ ደወለ። እዚያ በጁን 1953 ተመሳሳይ የአውቶቡስ አድማ ተደርጎ በግል መኪና የማመላለስ ልምድ ነበር። ከዚያ በተገኘው ምክር በቀናት ውስጥ ስምሪቱ ተዘረጋ። ለጠዋት 48 መነሻ ጣቢያ፣ ለማታ 42 መሰብሰቢያ ጣቢያ ተመደበ። ቁጥሩ የተለያየው ጠዋት ሰው ከየሰፈሩ ስለሚነሳ፣ ማታ ደግሞ ከነጮቹ ሰፈርና ከመሃል ከተማ ስለሚመለስ ነው። አብዛኛው ተሳፋሪ በነጭ ቤት የምትሠራ ሴት ስለነበረች የማታው ጣቢያ የእሷን መውጫ ሰዓት ተከትሎ ተሠራ። መሃል ከተማ አንድ ጥቁር የሚያስተዳድረው የመኪና ማቆሚያ ዋናው የስምሪት ቦታ ሆነ። ወደ 300 የሚሆኑ ባለመኪኖች መኪናቸውን አዋሉ። አንዳንድ ነጭ እመቤቶችም ሠራተኛቸው እንዳትቀር በራሳቸው መኪና ማመላለስ ያዙ። ከንቲባው ተዉ ቢላቸው አልሰሙትም።

የነዳጁ ገንዘብ የመጣው በየሳምንቱ በቤተ ክርስቲያን ከሚደረጉት ስብሰባዎች መዋጮና ከሌላ ከተማ ከተላከ ርዳታ ነው። በውስጡ ግን የምግብ ሽያጭ ገንዘብም አለበት። ጆርጂያ ጊልሞር የምትባል ምግብ አብሳይ ሴቶችን አሰባስባ ዶሮ፣ ኬክና ሳንድዊች እየሠሩ ጸጉር ቤት፣ ታክሲ ማቆሚያና ደጀ ሰላም ላይ ይሸጡ ነበር። የማኅበራቸው ስም «ከየትም ያልመጣ ክበብ» ነው። ሴቶቹ የነጭ ተቀጣሪዎች ስለነበሩ ስማቸው ቢታወቅ ከሥራ ይባረራሉ። ገንዘቡ ከየት መጣ ሲባል «ከየትም» ይባላል፤ ሐሰትም አይሆን፣ ሰውም አይጋለጥ። ጊልሞር ራሷ ኪንግ ስለ አድማው በተከሰሰበት ችሎት ከመሰከረች በኋላ ከምትሠራበት ምግብ ቤት ተባርራለች።

ምን ተበላሸ ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። ፖሊስ ሹፌሮቹን በጥቃቅን ጥፋት ያጥለቀልቃቸው ጀመር። ኪንግ በጃንዋሪ 1956 የታሰረው በሰዓት 25 ማይል በሚነዳበት መንገድ 30 ነዳህ ተብሎ ነው። አንዳንዱ መንጃ ፈቃዴን እቀማለሁ ብሎ ሸሸ። ከዚያ የከፋው ኢንሹራንሱ ነው። በአብያተ ክርስቲያናት ስም የተገዙትን ስቴሽን ዋገኖች የአገር ውስጥ ኩባንያዎች እየተራ ውላቸውን ሰረዙባቸው፤ ያለ ኢንሹራንስ ደግሞ መንዳት አይቻልም። አትላንታ ያለ ጥቁር የኢንሹራንስ ወኪል ለንደን ካለው ሎይድስ ዋስትና አስገኝቶላቸው ነው የቀጠሉት።

ወሬም ነበር። በጃንዋሪ ወር አንድ ቅዳሜ ማታ ከተማው «ከጥቁር ቄሶች ጋር ተስማምተናል፣ አድማው አልቋል» የሚል ዜና ለእሑድ ጋዜጣ ሰጠ። ስምምነት የሚባል አልነበረም። የማኅበሩ መሪዎች ነገሩን ማታውኑ ሰምተው በዚያው ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ለማይገቡት ለመንገር በየመጠጥ ቤቱ ዞሩ፤ ለሚገቡት ፓስተሮቹ እሑድ ከመድረክ ተናገሩ። ሰኞ አውቶቡሶቹ እንደ ወትሮው ያለ ጥቁር ሄዱ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ከዚህ አንድ ነገር ይያዝ፦ ጋዜጣውን የሚቀድም የራስዎ የወሬ መስመር ከሌለ ስምሪቱ በአንድ ጠዋት ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ያሸነፈው አድማው ነው ወይስ ፍርድ ቤቱ? ሁለት መጽሐፍ ሁለት ነገር ይለኛል። (ከጎንደር)

መልስ፦ ሕጉን የሻረው ፍርድ ቤቱ ነው። የአድማው የመጀመሪያ ጥያቄ እንኳ መለያየቱ ይቅር የሚል አልነበረም፦ ሹፌሮች በአክብሮት ያነጋግሩን፣ ጥቁር ከኋላ ነጭ ከፊት እየሞላ በመጣበት ቅደም ተከተል ይቀመጥ፣ ጥቁር በሚበዛበት መስመር ጥቁር ሹፌር ይቀጠር። ከተማው ይህንንም ሲከለክል፣ የኪንግ ቤት በጃንዋሪ 30 ቀን 1956 በቦምብ ሲመታ፣ ጠበቃው ፍሬድ ግሬይ በማግስቱ ማግስት ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ።

የፓርክስን ጉዳይ ይዞ አልሄደም። የእሷ የወንጀል ክስ ስለነበር ይግባኙ በአላባማ ፍርድ ቤቶች ውስጥ ለዓመታት ሊታሰር ይችል ነበር። ስለዚህ በአውቶቡስ የተበደሉ ሌሎች ሴቶች ከሳሽ ሆኑ፦ ኦሬሊያ ብራውደር፣ ሱዚ ማክዶናልድ፣ የ18 ዓመቷ ሜሪ ሉዊዝ ስሚዝ፣ እና ከፓርክስ ዘጠኝ ወር ቀድማ በ15 ዓመቷ የታሰረችው ተማሪ ክላውዴት ኮልቪን። አምስተኛዋ ከሳሽ በደረሰባት ዛቻ ስሟን አስወጣች። ሦስት ዳኞች ጁን 5 ቀን ሁለት ለአንድ ፈረዱላቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኖቬምበር 13 አጸናው።

በዚያኑ ዕለት ግን የአላባማ ዳኛ የመኪናውን ስምሪት ያለ ፈቃድ የሚሠራ የትራንስፖርት ድርጅት ነው ብሎ አገደው። የዋሽንግተኑ ትእዛዝ ሞንትጎመሪ እስኪደርስ ከአምስት ሳምንት በላይ ፈጀ። ያን ጊዜ ሕዝቡ በእግሩና በጎረቤት መኪና ነው ያለፈው። ፍርዱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ከተማው እንደ ሌላው ጊዜ አድበስብሶ ያሳድረው ነበር ብለን እናምናለን። በሥራ ላይ ያዋለው በባዶ አውቶቡስ የከሰረው ኩባንያና የማይበተን ሕዝብ ነው። ዲሴምበር 21 ቀን 1956 ጥቁሮች በፊት በር ገብተው በፈለጉት ወንበር ተቀመጡ። በቀጣዮቹ ሳምንታት አውቶቡሶች ተተኮሰባቸው፣ አንዲት ነፍሰ ጡር እግሮቿን ተመታች፣ በጃንዋሪ 1957 አራት ቤተ ክርስቲያኖች በአንድ ሌሊት በቦምብ ተመቱ። ፓርክስም ሥራዋን አጥታ በዚያው ዓመት ወደ ዲትሮይት ተሰደደች። ይህን ሳይጨምሩ ድሉን ማስተማር ልክ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ጅማ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ተማሪዎች ሲመቱና ሲተፋባቸው ሳይመልሱ የተቀመጡበትን ፎቶ አይቻለሁ። ይህ የተፈጥሮ ትዕግሥት ነው ወይስ ሥልጠና አለው?

መልስ፦ ሥልጠና አለው፤ ያውም አድካሚ። ያዩት ፎቶ ጥቁር በማይስተናገድበት የመደብር ምግብ መሸጫ ባንኮኒ ላይ ተቀምጦ «አስተናግዱን» የማለት ትግል ነው። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 በሰሜን ካሮላይና ግሪንስቦሮ አራት ተማሪዎች ሲጀምሩት ወሬው በአገሩ ተዛመተ። በቴነሲ ናሽቪል ያሉት ተማሪዎች ግን ከዚያ በፊት፣ ከ1959 መጸው ጀምሮ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ይሠለጥኑ ነበር። አሠልጣኙ ጄምስ ሎውሰን ነው፤ ሕንድ አገር ኖሮ የጋንዲን የትግል ስልት ያጠና፣ ኋላም በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሥነ መለኮት የሚማር ሰው።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ወንበሮች እንደ ባንኮኒ ይደረደራሉ። ግማሾቹ ይቀመጣሉ፤ ግማሾቹ እንደ ነጭ ጎረምሳ ሆነው ይሳደባሉ፣ ወንበር ይጎትታሉ፣ የሲጋራ ጭስ ፊት ላይ ያቦናሉ፣ ይገፈትራሉ። የተቀመጠው ድንገት እጁን ካነሳ ልምምዱ ቆሞ ለምን እንዳነሳ ይነጋገራሉ። ወለል ላይ ከወደቁ ጉልበትን ወደ ሆድ አጥፎ ራስንና አንገትን በእጅ መሸፈን፣ ጓደኛ ብቻውን ሲደበደብ ዱላው እንዲከፋፈል ሰውነትን መሃል ማስገባት ይለማመዳሉ። ይህን አልችልም ያለ ሰው አይነቀፍም፤ መኪና መንዳት፣ ስልክ መያዝ፣ ምግብ ማቀበል ይሰጠዋል። ይህ በጣም ብልህ አሠራር ነበር፤ ባንኮኒው ላይ አንድ ግልፍተኛ ከተገኘ የሌላው ሁሉ ትዕግሥት ከንቱ ይሆናልና።

የሚቀመጡት በእጃቸው የያዙት ወረቀት ነበር፦ ብትመታ አትመልስ፣ አትሳደብም፤ ጮክ ብለህ አትሳቅ፤ ፊትህን ወደ ባንኮኒው አድርገህ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ፤ መሪህ ሳይፈቅድ አትነሳ፤ የመደብሩን በርና መተላለፊያ አትዝጋ። የመጨረሻው የትሕትና ትእዛዝ ብቻ አይደለም። በር ከተዘጋ ፖሊስ ሕጋዊ ምክንያት ያገኛል። የሚለብሱት የክት ልብስ ነው፣ የሚይዙት የትምህርት ደብተር ነው።

ፌብሩዋሪ 27 ቀን ጎረምሶች ገብተው ሲደበድቧቸው ፖሊስ የያዘው ተደብዳቢዎቹን፣ 80 ያህል ተማሪዎችን ነው። አንዱ ረድፍ ታስሮ ሲወጣ ሌላው ረድፍ ገብቶ በወንበሩ ይተካ ነበር። የተፈረደባቸውን 50 ዶላር ቅጣት አንከፍልም ብለው እስርን መረጡ። የከተማው ጥቁሮችም ለፋሲካ ከመሃል ከተማ መደብሮች ልብስ አንገዛም አሉ። ኤፕሪል 19 የጠበቃቸው ቤት በቦምብ ሲፈርስ በሺዎች ሆነው ወደ ማዘጋጃ ቤት ተጓዙ፤ ዳያን ናሽ የተባለች ተማሪ ከንቲባውን በሕዝብ ፊት በግልጽ ጠየቀችው፣ እሱም መለያየቱ ስሕተት መሆኑን አመነ። ሜይ 10 ስድስት መደብሮች ባንኮኒያቸውን ለሁሉም ከፈቱ።

ጥያቄ፦ በንጉሡ ዘመን ኢትዮጵያ ደቡብ አፍሪካን ዘ ሄግ ከሰሰች ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? ከአፍሪካ ለምን እኛና ላይቤሪያ ብቻ? (ጡረተኛ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ እውነት ነው። ክሱ የዛሬዋን ናሚቢያ ይመለከታል። የቀድሞዋ የጀርመን ቅኝ ግዛት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመንግሥታት ማኅበር አደራ ለደቡብ አፍሪካ ተሰጥታ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ግን የአገሯን አፓርታይድ እዚያም ዘረጋች። በአደራው ሰነድ መሠረት መክሰስ የሚችለው የመንግሥታት ማኅበር አባል የነበረ አገር ብቻ ነው። ከጥቁር አፍሪካ ያንን የሚያሟሉት በ1923 የገባችው ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ነበሩ። ሌሎቹ ማኅበሩ በነበረበት ጊዜ በቅኝ ግዛት ሥር ነበሩ።

ክሱ ኖቬምበር 4 ቀን 1960 ተመሠረተ። በ1962 ዘ ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ማየት እችላለሁ ብሎ ስምንት ለሰባት ወሰነ። በመሃሉ አንድ ዳኛ ሞተ፣ አንዱ ታመመ፣ ሌላው ከችሎቱ ቀረ። ጁላይ 18 ቀን 1966 ድምፁ ሰባት ለሰባት እኩል ሆነ፤ አውስትራሊያዊው የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሰር ፐርሲ ስፔንደር በሰጠው ወሳኝ ድምፅ ከሳሾቹ በጉዳዩ ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ተብሎ ክሱ ወደቀ። አፓርታይድ ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ፍሬ ነገር ሳይነካ ቀረ።

አፍሪካ በቁጣ ተነሳች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከሦስት ወር ጥቂት ቀናት በኋላ፣ ኦክቶበር 27 ቀን 1966፣ የደቡብ አፍሪካን አደራ ሻረ። ያው ፍርድ ቤት በ1971 የደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ መቆየት ሕገ ወጥ ነው የሚል አስተያየት ሰጠ። ናሚቢያ ማርች 21 ቀን 1990 ነፃ ወጣች። በክሱ ባይፈረድልንም የተሸነፈ ክስ ነው ብለን አንቆጥረውም።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ለአንድ መኝታ አፓርትመንት ስደውል «ክፍት አለ» ተባልኩ። በማግስቱ ከባለቤቴ ጋር ስንሄድ ቢሮ ያለችው ሴት ገና ስታየን «ትናንት ማታ ተያዘ» አለች። ማስታወቂያው ግን ሳምንት ሙሉ አልወረደም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ «ማስረጃ የለህም፣ ተወው» ይለኛል። ምን ላድርግ? ተመልሼ ሄጄ ድምፅዋን ብቀዳስ?

መልስ፦ አይተዉት። የቤት ኪራይ መድልዎን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ ኤፕሪል 11 ቀን 1968፣ ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ፣ ተፈርሞ የጸና ነው። ዘር፣ ቀለም፣ የትውልድ አገር፣ ሃይማኖት፣ ጾታ፣ አካል ጉዳትና ልጅ ያለው ቤተሰብ መሆን ለመከልከል ምክንያት መሆን አይችሉም። ቤት ክፍት ሆኖ ሳለ የለም ብሎ መዋሸት በሕጉ ውስጥ ራሱን ችሎ የተጻፈ ጥፋት ነው።

ዛሬውኑ ቁጭ ብለው ይጻፉ፦ የደወሉበት ቀንና ሰዓት፣ ያነጋገረዎት ሰው ስምና የሥራ ድርሻ፣ የቤቱ ቁጥር፣ የተነገረዎት ኪራይ፣ የሚለቀቅበት ቀን፣ ሴትየዋ ያለችው ቃል በቃል በእንግሊዝኛው። ባለቤትዎም ለብቻቸው ይጻፉ፤ አብሮ የተጻፈ ምስክርነት ክብደቱ ይቀንሳል። ማስታወቂያውን ቀኑና የድረ ገጹ አድራሻ እንዲታይ አድርገው ፎቶ ያንሱ፣ እስኪወርድ ድረስ በየቀኑ ይድገሙት። የስልክዎን የጥሪ ዝርዝር እንዳይጠፋ ያስቀምጡ። ቀጥሎ አጭር ኢሜይል ይላኩላቸው፦ «በዚህ ቀን የጠየቅሁት ቤት መያዙ ተነግሮኛል፤ ማስታወቂያው ግን አለ፤ አሁን ክፍት መሆን አለመሆኑን ቢያረጋግጡልኝ»። አይክሰሱ፣ አይቆጡ። መልሱ «ክፍት ነው» ቢሆንም «ተይዟል» ቢሆንም፣ ዝምታም ቢሆን፣ ይጠቅምዎታል።

ከዚያ በአካባቢዎ ላለ የፍትሐዊ መኖሪያ መብት ድርጅት ይደውሉ። ፈታኞች አሏቸው፤ ገቢያቸውና የክሬዲት ሁኔታቸው ከርስዎ ጋር የሚመሳሰል፣ በዘር ብቻ የሚለዩ ሰዎች ለየብቻ ሄደው ስለዚያው ቤት ይጠይቃሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ለጥቁር ፈታኝ የመክሰስ መብት ያጸናው በዚሁ በቨርጂኒያ፣ ሪችመንድ አጠገብ በተነሳ ጉዳይ ነው። ፍጥነት ይፈልጋል፤ ቤቱ በእውነት ከተከራየ በኋላ ፈተናው ዋጋ የለውም። በራስዎ ነጭ ጓደኛ ቢልኩ መጠየቅ ብቻ ይጠይቅ እንጂ የሐሰት ማመልከቻ እንዳይሞላ።

አቤቱታው ለፌዴራሉ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት፣ ሰዎቻችን ሃድ ለሚሉት፣ ወይም ለቨርጂኒያው ቢሮ ይቀርባል። ክፍያ የለውም፣ ጠበቃም ግዴታ አይደለም፤ አስተርጓሚ ከፈለጉ ይገኝ እንደሆነ ገና ሲጀምሩ ይጠይቁ። ለሃድ ያለዎት ጊዜ አንድ ዓመት ነው፣ በቀጥታ ፍርድ ቤት ለመክሰስ ሁለት ዓመት። ምርመራው በ100 ቀን ያልቃል ቢባልም ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ በመሃሉ የማስማማት ሙከራ ይኖራል። ሌላ ቤት ቢከራዩ ጉዳዩ አይሞትም፣ ስለዚህ ውጭ እያደሩ አይጠብቁ። ሕጉ «ማንኛውም ሰው» ስለሚል ዜግነትን አይጠይቅም፤ የኢሚግሬሽን ጉዳይ በእንጥልጥል ያለበት ሰው ግን ከማመልከቱ በፊት ጠበቃውን ቢያማክር ይሻላል።

አቤቱታ የሚወድቅባቸው ምክንያቶች ይታወቃሉ። አንዱ መዘግየት ነው። ሌላው ማመልከቻ ሳይሞሉ መቅረት ነው፤ አከራዩ «ፈላጊ መሆናቸውን አላወቅንም» ይላል። ሦስተኛው አከራዩ በሕግ የተፈቀደ መስፈርት ሲኖረው ነው፦ ገቢ፣ ክሬዲት፣ ያለፈ ኪራይ ታሪክ። ያኔ ጥያቄው ያው መስፈርት ለሁሉም እኩል ይሠራል ወይ የሚለው ይሆናል። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ከአራት ያልበለጠ ቤት ያለው ሕንጻ ከ1968ቱ ሕግ አብዛኛው ክፍል ነፃ ነው። በዘር ምክንያት መከልከልን ግን የ1866ቱ የሲቪል መብት ሕግ ያለ ምንም ልዩነት ስለሚከለክል በዚያ መክሰስ ይቻላል።

ስለ መቅዳቱ፦ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ራስዎ የሚካፈሉበትን ንግግር ለሌላው ሳይናገሩ መቅዳት ይፈቀዳል። ሜሪላንድ ውስጥ ግን የተናጋሪዎቹ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ መቅዳት እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው። ስለዚህ ቢቀዱ አሌክሳንድሪያ ቢሮው ድረስ በአካል ሄደው ይሁን፤ ወንድምዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ በስልክ ደውለው እንዳይቀዱልዎ።